ልጄን አንቱ ያልኩበት ጾም

የካቲት 17፣ ሰኞ

እዚህ አሜሪካም ጾም ገባ። ሌሊቱን ኮሜርስ ሲቲ መጋዘን ውስጥ የዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ስነዳ አድሬ ስወጣ አገሩ በሙሉ ጉም ለብሷል። ቻምበርስ ሮድ ላይ አስፋልቱ አይታይም፤ የትራፊክ መብራቶቹ ብቻ አየር ላይ ተንሳፍፈው ቀይ፣ አረንጓዴ ይላሉ። ሰው ሁሉ ሲነቃ የሚተኛ ሰው ዓለምን አጥርቶ አያያትም። የነቃሁ መስሎኝ የተኛሁበት፣ የተኛሁ መስሎኝ የነቃሁበት ጊዜ ብዙ ነው።

ቤት ስደርስ እድላዊት ለትምህርት ቤት ጫማዋን ታስራለች። «ደህና አደርሽ፣ የኔ ቆንጆ?» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ያሰረችውን ፈትታ እንደገና አሰረችው። ምን አስቀየምኳት አልልም፤ አውቀዋለሁ።

ያለችን ልጅ እሷ ብቻ ናት፣ አሥራ ስድስት ዓመቷ። በጥምቀት ማግስት እኔንና እናቷን አፀደን ሶፋው ላይ አስቀምጣ በእንግሊዝኛ «ወንድ ነኝ። ሁሌም ወንድ ነበርኩ። ስሜ ኢዩኤል ነው» አለችን። አፀደ አለቀሰች፤ አቀፈቻት፤ እንደገና አለቀሰች። እኔ «እሺ» አልኩ። እሺ ግን እንዲህ ከባድ ቃል ነው ለካ! ከዚያ ቀን ጀምሮ ተሸክሜው እዞራለሁ።

አብረውን ለሚኖሩት ለአማቴ፣ ለእማማ ምናሉ፣ አልነገርናቸውም። ልጅቷን አዝለው ያሳደጉ እሳቸው ናቸው፤ ከአማርኛ ሌላ ቋንቋ የላቸውም። ሆድ ይፍጀው ተባብለን ተውነው።

ባለፈው ሳምንት የትምህርት ቤቷ አማካሪ ጠርታን ነበር። «ልጃችሁ ከዓይናችሁ እንዳይርቅ» አለች። «በጠየቃችሁ ስም ጥሩት። ትንሽ ነገር አይምሰላችሁ፤ አንዳንዱን ልጅ በሕይወት የሚያቆየው ይኸው ነው።» በሕይወት የሚለው ላይ ስትደርስ ድምጿን ዝቅ አደረገች። እኔም ያልሰማሁ ለመምሰል መስኮቱን አየሁ።

ዛሬ ከመተኛቴ በፊት መታጠቢያ ቤት የነበረውን የመድኃኒት ሣጥን አንስቼ መኪናዬ የኋላ ትራንክ ውስጥ ቆለፍኩበት። መደርደሪያው ጠቦ ነው።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

ከትምህርት ቤት ሳመጣት መኪና ውስጥ አወራችኝ። በእንግሊዝኛ ነው ያለችኝ፤ በአማርኛ የማስቀምጠው እኔ ነኝ።

«አባ፣ በእንግሊዝኛ ሁሉም ዩ ነው። ዩ ማንም ሊሆን ይችላል፤ አይነካኝም። በአማርኛ ግን አንድ ብርጭቆ ውሃ እንኳን ስትሰጡኝ ‹እንኪ› ነው። ነይ፣ ብይ፣ ተኚ፣ ተነሺ፣ በሩን ዝጊው። አይደለሁም ያልኩትን፣ ነሽ ነሽ ስትሉኝ ትውላላችሁ።»

«እኛ እኮ አስበን አይደለም» አልኳት።

«አውቃለሁ። ስለዚህ አማርኛውን ትቼዋለሁ።»

ቀይ መብራት ላይ ነበርን። አረንጓዴ ሲሆን ከኋላዬ ጡሩምባ እስኪነፉብኝ ድረስ አልነዳሁም። አማርኛ ብትተው ምን ትሆናለች? በእንግሊዝኛ እኔ የማውቀው ፓሌት፣ ሺፍት፣ ሶሪ ነው። ለሴት አያቷ ደግሞ ያም የለም። ቋንቋውን ትታ ስትሄድ እኛንም ትታ መሄዷ ነው፤ ያውም ከቤት ሳትወጣ። ከዚያ ወዲያ የት እንደምትሄድ ማሰብ አልፈልግም።

ተኝቼ ሕልም አየሁ። ቼሪ ክሪክ ሐይቅ ዳር ቆመናል፤ ውሃው እንደ ወተት ነጭ ነው። ልጄ እዚያ ማዶ ሆና ታናግረኛለች፣ እኔም እመልሳለሁ፤ ግን የቃሎቻችን መጨረሻ የለም። ጅምር ጅምሩ ብቻ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ደስ የሚል ነገር ነበረው። ስነቃ ፊቴ ረጥቧል።

የካቲት 24

ልምምድ። ፎርክሊፍቱ ላይ ሆኜ ዕቃ ለተደረደረባቸው ፓሌቶች «አንተ ና። አንተ ብላ። አንተ ጎበዝ» ስል የሥራ ባልደረባዬ ፍቅረሥላሴ ሰማኝ። «እንዳሻው፣ ጾሙ በገባ ገና በሳምንቱ ከካርቶን ጋር ማውራት ጀመርክ?» አለኝ። አዎ አልኩት።

ቤት ስገባ ልጄን «አን...» ብዬ ጀመርኩ፤ ዓይኗ በራ። «አን... አንሶላው ታጥቧል?» ብዬ ጨረስኩት። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

የካቲት 29፣ ቅዳሜ

አገኘሁት! እግዜር ይስጠው አማርኛን፤ አንድ በር ክፍት ትቶልኛል። እርስዎ! እርስዎ ወንድ አይል፣ ሴት አይል።

ጠዋት ወደ ልጄ ክፍል ዞሬ «ይምጡ፣ ቁርስ ቀርቧል!» አልኩ። እማማ ምናሉ ከወዲያኛው ክፍል «መጣሁ ልጄ!» ብለው ነጠላቸውን እየጎተቱ ከች አሉ። ሁለቱ በር ላይ ተጋጩ። ልጄ ሳቁ። አዎ፣ ልጄ ሳቁ ብዬ ነው የጻፍኩት፤ ደብተሩ ላይም ልልመደው። ከጥምቀት ወዲህ ያን ሳቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ኋላ ገበታ ላይ ሲያስታውሱት ገንፎው በአፍንጫቸው ሊወጣ ነበር።

ዛሬ ያለ ሕልም ተኛሁ።

መጋቢት 4

ቤቱ ቤተ መንግሥት ሆኗል። «ሪሞቱን ያቀብሉኝ።» «ጃኬትዎን ይልበሱ፣ ይበርዳል።» አፀደ ከምትሠራበት የአዛውንቶች መጦሪያ ደክሟት ገብታ ይህን ስትሰማ ጫማዋን ይዛ ቆመች። «አበድክ እንዴ? የወለድከውን ልጅ አንቱ?» አለችኝ። «አንቱ የተባለ ልጅ ነዋ ያለን!» አልኳት። ሳቀች፤ ግን ዓይኗ አልሳቀም። እሷ ኢዩ ብላ መጥራት ከጀመረች ቆይታለች። ትሳሳታለች፣ ይቅርታ ትጠይቃለች፣ ትቀጥላለች። እኔ እንደሷ እፍረቴን ጥዬ መሳሳት አልችልበትም።

እማማ ምናሉ ግን አልሳቁም። ሳህን ሳጥብ አጠገቤ መጥተው «ይቺ ልጅ ምን ብትበድልህ ነው በአንቱ የምትገፋት?» አሉኝ። «አክብሬያት ነው» አልኩ። «እኔ የማውቀው ሰው ቤተሰቡን አንቱ የሚለው ሲቀየም ነው» አሉና ፎጣውን ከእጄ ነጥቀው ሄዱ።

መጋቢት 12

ፒዮሪያ ስትሪት፣ የብርሃነመስቀል ሱቅ። ምስርና ሽሮ ልንገዛ። ልጄ ቅርጫቱን ይዘው ከኋላዬ ቆመዋል። ጸጉራቸውን ባለፈው ሳምንት ተቆርጠውታል፤ ያምርባቸዋል፣ አንገታቸው የአባቴን አንገት ነው የሚመስለው። ብርሃነመስቀል ከካሽ ሬጅስተሩ ኋላ ሆኖ፣ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «እንዳሻው! ይቺን ልጅ ጸጉሯን ምን በላው? ቁርጥ ወንድ ሆነች እኮ!» አለ። ሁለት ሴቶች ሳቁ። ክፋት የለውም፤ ብርሃነመስቀል ቀልድ ካልተናገረ ቀኑ አይመሽለትም።

«የአሜሪካ ፋሽን ነዋ» አልኩ። «ምን ይደረግ፣ ያልፍላታል።»

ያልፍላታል።

መኪና ውስጥ ገባን። ልጄ ምስሩን ጭናቸው ላይ አድርገው እስከ ቤት ድረስ መስኮቱን አዩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። የኔ ግን ወለምታም አይደል። ፈርቼ ነው። ማንን? ብርሃነመስቀልን! ምስር የሚሸጥልኝን ሰው!

መጋቢት 15፣ ሰኞ

ተኝቼ ሳለ አልጋዬ ጫፍ ላይ የተቀመጠ ሰው አለ። መጋረጃው ተዘግቶ ክፍሉ ቡናማ ሆኗል። ሕልም መሰለኝ፤ ልጄ ናቸው።

«ለሱቁ ሰዎች ሴት ነኝ» አሉኝ በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብለው። «ላንተ ደግሞ እርስዎ ነኝ። መጀመሪያ ያስቅ ነበር። ግን እርስዎ የሚባለው የማታውቀው ሰው ነው አይደል? ባስ ላይ ቦታ የምትለቅለት። እኔን አታውቀኝም ማለት ነው?»

እንቅልፌ ገና ከዓይኔ አልለቀቀም። ልቤ ግን ነቅቷል፤ ላቅፍ እጄን ዘረጋሁ።

«አውቅዎታለሁ» አልኩ።

ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። አየር ላይ እያለ መልሼ ልውጠው ብችል ምን ነበረበት! ልጄ ፊቴን ትንሽ አዩኝ፤ ተነሱ፤ በሩን በቀስታ ዘጉት። ቢወረውሩት ይሻለኝ ነበር።

መጋቢት 17

በሩ ተዘግቷል። ምግቡ አልተነካም። አፀደ ቁጭ ብላ ለተዘጋው በር ታወራለች።

መጋቢት 19

አማካሪዋ ደወለች። ቀጠሮ ለነገ። ሥራ ቀረሁ።

መጋቢት 20

ተሄደ። ተወራ። ትንሽ ሾርባ ተጠጣ። እግዚአብሔር ይመስገን። ሴት ብዬ መጻፍ አልሆነልኝም፣ ወንድ ብዬም አልደፈርኩ፣ አንቱታውም ወጊ ነገር ሆነ። ስለዚህ ማን እንደጠጣው ሳልጽፍ ሾርባውን ብቻ ጻፍኩ። እኔ ሌሊት ቤት ስለማላድር ተራ ገብተን በሩን እንጠብቃለን። ለምን እንደምንጠብቅ እኔና አፀደ አልተነጋገርንም፤ እሷ ስትተኛ እኔ እነሳለሁ፣ በቃ።

መጋቢት 24፣ ረቡዕ

ለእማማ ምናሉ ነገርናቸው። መደበቁ አልቻልንም፤ «ልጄ ምን ታማብኝ ነው?» እያሉ ሲያለቅሱ ሰነበቱ። አፀደ ተናገረች፣ እኔ ጉልበቴን አየሁ። ልጃችን ወንድ ነኝ እንደሚል፣ ከልጅነቱ እንዲህ ሆኖ እንደኖረ፣ ሴት ተብሎ ሲጠራ ልቡ እንደሚሰበር፣ ሐኪሙም አማካሪዋም በሽታ አይደለም እንዳሉን። እሳቸው መቁጠሪያቸውን ይዘው ሳያቋርጡ አደመጡ። ልክ ጉም ውስጥ መንገድ እንደሚፈልግ ሰው ዓይናቸውን አጥብበው።

«ሰማንያ ቀን ጠብቄ ነው ክርስትና ያስነሳኋት» አሉ በመጨረሻ። «ወንድ ቢሆን በአርባ ቀኑ ነበር።» መቁጠሪያቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩና «እና አርባ ቀን አዘግይቼበት ነው?» አሉ።

ቀልድ ይሁን ቁጣ አልገባኝም። ተነስተው ክፍላቸው ገቡ። «ነገሩን ከፋሲካ ወዲያ እናወራለን፤ አሁን ጾም ነው» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ። ራት አልወጡም። አፀደ «ቢያንስ ጸበል እንውሰዳት አላሉም» ብላ ተጽናናች። እኔ ግን ዝም ያለ ሰው ያስፈራኛል፤ አሁን ቤቴ ውስጥ ሁለት አሉ።

ሚያዝያ 5፣ ሆሳዕና

እማማን ቤተ ክርስቲያን አደረስኳቸው። ልጄ ሊሄድ አልፈለገም። «የት ነው የምቆመው?» አለኝ በእንግሊዝኛ። ወንዶች በዚህ፣ ሴቶች በዚያ፤ በመካከል ያለው ምንጣፍ ብቻ ነው።

(ልጄ ሊሄድ አልፈለገም። አሁን ነው ያየሁት፤ እጄ ነው የጻፈው እንጂ እኔ አላዘዝኩትም። አልሰርዘውም። በአፍ ግን ገና ነው።)

ሚያዝያ 10፣ ስቅለት

ዛሬ የሆነውን ልጻፈው።

ሌሊቱን በረዶ ሲጥል አደረ። ሚያዝያ ላይ! ከሥራ ስገባ እማማ ምናሉ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ለስግደት ተዘጋጅተው ይጠብቁኛል። አፀደ ሥራ ገብታለች። ትምህርት ዝግ ነው። «አሁን አደርስዎታለሁ፤ ትንሽ ልደገፍ» ብዬ ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲያ የማስታውሰው ነጭ ነገር ነው። አንድ ሰው ከሩቅ «አባ፣ ተነስ፣ አባ» ይላል፤ እኔ ያንን የሐይቅ ሕልም እንደገና ያየሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ወደ ውስጥ ሰመጥኩ።

ስነቃ ቀኑ ወደ ማታ ተቃርቧል፤ ቤቱ ጭር ብሏል። እማማ የሉም፤ ሰው ወስዷቸው ይሆናል አልኩ። የልጄን በር ገፋሁት። ክፍሉ ባዶ ነው። አልጋው ተነጥፏል። ልጄ አልጋ አንጥፎ አያውቅም! ልብሶቹ ታጥፈዋል። ስልኩ ላይ ደወልኩ፤ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ። ቁልፌን ፈለግሁ፤ የለም። በመስኮት አየሁ፤ መኪናዬ የቆመበት ቦታ በበረዶው መካከል ጎድጉዶ ይታያል።

ትራንኩ ትዝ አለኝ። የመድኃኒቱ ሣጥን ትዝ አለኝ።

ለአፀደ ስደውልላት ምን እንዳልኳት አላውቅም፤ «መጣሁ፣ መጣሁ» ስትል ብቻ ሰማሁ። በነጠላ ጫማ ወጣሁ። በረዶው ትልልቅ ሆኖ፣ እርጥብ ሆኖ፣ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ቻምበርስ ሮድ ላይ ድምፅ የለም፣ መኪኖቹ እንኳን ጥጥ ላይ የሚሄዱ ይመስላሉ። ሕልም ነው አልኩ፤ ሕልም ይሁን አልኩ። ጌታዬ፣ ዛሬ አንተም የተሰቀልክበት ቀን ነው፣ እናትህ ቆማ ያየችበት ቀን ነው፣ እኔ እንደሷ አልችልም፣ ተወኝ አልኩ። ሱቅ ይሳቅብኝ፣ አገር ይሳቅብኝ፣ ልጄን ብቻ።

ከዚያ መኪናዬን አየሁት።

ከሰሜን በኩል ብልጭ ድርግም የሚለውን ሃዛርዱን አብርቶ፣ ከሚራመድ ሰው ባልበለጠ ፍጥነት እየተሳበ ይመጣል። መስታወቱ በእንፋሎት ተሸፍኖ ከውስጥ ሁለት ጥላ ብቻ ይታያል። ፓርኪንጉ ውስጥ ገባ፤ መስመሩን ስቶ ተጣሞ ቆመ። ሮጬ ደርሼ መስኮቱን በጡጫ መታሁት። መስኮቱ ወረደ። ልጄ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ተቀምጧል፤ አጠገቡ እማማ ምናሉ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ቀበቶ ታስረው።

እንዲያ ጮኼ አላውቅም። ሕንፃው ሁሉ ሰምቷል።

«አንተ ጅል! አንተ ደነዝ! ማን ንዳ አለህ? የለማጅ ፐርሚትህ ያለ ትልቅ ሰው መንዳት ይፈቅድልሃል? በዚህ በረዶ! ብትሞትስ? እ? ብትሞትብኝስ፣ አንተ የማትረባ! ስልክህን ለምን ጥለህ ወጣህ? ውረድ! ቁልፉን አምጣ! ኢዩኤል፣ ውረድ ብዬሃለሁ!»

አልወረደም። አፉን ከፍቶ ያየኛል።

«እንዳሻው!» አሉ እማማ ምናሉ። «በስቅለት ቀን ትሳደባለህ? አድርሰኝ ያልኩት እኔ ነኝ። አንተን ብንቀሰቅስህ፣ ብንወዘውዝህ፣ ሬሳ ሆነሃል። እኔ ደግሞ ትልቅ ሰው አይደለሁም ወይ? እሱ ምን አጠፋ?»

«እሱ» ያሉት ከአፋቸው አምልጦ ይሁን አስበውበት፣ ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም። ቀበቶውን መፍታት አቅቷቸው ሲታገሉ ልጁ ፈታላቸው። በረዶውን እየረገጡ፣ «እግዚኦ፣ እግዚኦ» እያሉ ወደ ደረጃው ሄዱ። ከዚያ ዞረው «ከጠዋት ጀምሮ ውጭ ሲጠብቀኝ ነው የዋለ፤ አብላው» አሉኝ።

እኔ ትራንኩን ከፈትኩ። ሣጥኑ እንደተቆለፈ ነው። ዘጋሁት። ስመለስ ልጁ አሁንም መሪው ላይ ነው። ሱሪው ጉልበቱ ላይ ሁለት ክብ እርጥበት አለው፤ በረዶ ውስጥ የተንበረከከ ሰው ይመስላል። ጎማ ሲያይ ይሆናል። ግንባሩም ትንሽ ቀልቷል።

እጄ መስኮቱ ላይ ነው፤ ቁጣዬ ገና አልበረደም፣ እግሬ ደንዝዟል።

«አባ» አለኝ። በአማርኛ።

«ምንድነው?»

«ድገመው።»

«ምኑን?»

«ስድቡን።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ያልኩትን ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማሁት፤ ያንን ሁሉ ቃል፣ አንድ በአንድ። ልጄ ከንፈሩን ነክሶ፣ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ሊያመልጠው እየታገለ፣ ይጠብቀኛል።

«አንተ ጅል» አልኩት።

«አልሰማሁም።»

«አንተ ጅል! አንተ ደነዝ ልጅ!» አልኩት እያለቀስኩ፣ አንገቱን በመስኮቱ ጎትቼ አቅፌ። «አንተ! አንተ! አንተ!»